ስፌት የሚዘል ሞተር

በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ሞተርሳይክል የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ሚኒሞ በሚለው ነው። ሚኒሞ ማለት ሞተር ተነስቶ ባለበት ቆሞ ሳለ፣ ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው፣ ለራሱ ቀስ ብሎ የሚተነፍሰው ትንፋሽ ነው። ሰውዬው ደግሞ ደንበኛ የመጣው ጎማ ለማስለጠፍ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ሚኒሞዋ እንዴት ነው?” ብሎ ስለሆነ ስሙ ወጣለት። ጠባዩም ከስሙ አልራቀም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ሲናደድ ዝም ይላል፤ በጣም ሲናደድ ካቻቢቴውን አስቀምጦ እጁን ይታጠባል።

ጋራዡ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ አሮጌ ቆዳ ያብረቀርቃል፤ መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ከጀርባ፣ በአንዲት ስስ የጣውላ ግድግዳ ተለይታ፣ ሚስቱ ልብስ ትሰፋለች። ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ይላታል። እሱ ግን ከተጋቡ ጀምሮ የሚጠራት “እሜቴ” እያለ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ላይ ሌላ ስም ጠፋው። ቀኑን ሙሉ በአንዱ በኩል ሞተር፣ በሌላው በኩል የስፌት መኪና ሲንጫጩ የሚሰሙ ጎረቤቶች፣ “እነዚህ ባልና ሚስት ጭቅጭቁን ለመኪኖቻቸው ትተውላቸዋል” እያሉ ይስቃሉ።

ስሙን ያስጠራው ካርቡራቶር ማስተካከል ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ካርቡራቶር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል፣ ከቡጢ የማይበልጥ ዕቃ ነው። ቤንዚኑ ከበዛ ሞተሩ ይታፈንና ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ አየሩ ከበዛ ደግሞ በብርድ ጠዋት አልነሳም ብሎ ያስቸግራል። ሚኒሞ ፈታትቶ በቤንዚን ያጥበዋል፤ ከመርፌ ዓይን የምትጠበውን የናስ ቀዳዳ ወደ ብርሃን ይዞ አጮልቆ ያይባታል፤ መልሶ ይገጥመውና ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ይጠብቃል። “ብርድ ላይ ያለ ሞተር ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ነው፤ የሚነግርህን አትመነው” ይላል ለቸኮለ ደንበኛ።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጎን በኩል ያለችውን ትንሽ የአየር ብሎን ቀስ እያለ ያጠብቃታል። ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር መልሶ ያላላታል። በሁለቱ መሀል ድምፁ ከፍ ብሎ ጥርት የሚልባት አንዲት ቦታ አለች። እሷን የሚያገኛት በጆሮው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ያየ ሰው፣ ሞተሯ ምስጢር የምትነግረው ይመስለዋል። ከዚያ ቦታ ላይ ተወት ያደርጋትና ደንበኛውን “አሁን ውሰዳት፣ አታስቀይምህም” ይለዋል። አታስቀይምም።

ያ ጆሮ ነው መድከም የጀመረው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። መጀመሪያ የጠፋው፣ የጭስ መውጫው ማርሚታ ሞቆ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ቲክ ቲክ ነው። የዘንድሮ ማርሚታ ከሌላ ብረት መሠራት ጀምሮ ይሆናል ብሎ አለፈው። ቀጥሎ ከግድግዳው ጀርባ ያለው የስፌት መኪና ዝም አለ። “ሥራ ቀዝቅዞባታል፤ ደብቃኝ ነው እንጂ ሆድ ብሷታል” ብሎ አዘነላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጽናናት ዞሮ ቢገባ፣ እሜቴ በተማሪዎች የደንብ ልብስ ክምር ውስጥ ተቀብራ፣ እግሯ መርገጫው ላይ ያለ ዕረፍት ይወርዳል ይነሳል። መርፌዋ ስትወጣ ስትገባ ትታየዋለች። ድምፅ ግን የለም፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ነገር ብቻ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሞ ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ ሥራው ሆነ። ደንበኛ ሲያናግረው ከንፈር ከንፈሩን ያያል። ያልገባውን ሁሉ “እሺ” ይላል። አንዴ አንድ ዕቃ አመላላሽ፣ “እትዬስ ደህና ናቸው?” ብሎ ቢጠይቀው፣ “ካንዴላዋ ጠቁራለች፣ እቀይርላታለሁ” ብሎ መለሰለት። ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልዱን ለየደረሰበት አወራው። ሚኒሞም ያልገባውን ቀልድ አብሮ ሳቀ።

የከበደው የስልኩ ነገር ነው። አንድ ልጅ አላቸው፤ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ስትደውል ድምፅዋ ከጆሮው አጠገብ ይንሿሿል እንጂ ቃል አይሆንለትም። ሳቋን ይለያል፤ የሳቀችበትን አይለይም። “አዎ” የሚባልበት ቦታ “አይ” ብሎ እንዳያስቀይማት እየፈራ፣ ገና ስልኩ ሲጮህ ለእናቷ ያቀብላል። “እጄ ዘይት ነው፤ አንቺ አናግሪያት።” እንዲህ እያለ ወራት ሄዱ። ልጅቷ በመጨረሻ እናቷን ጠየቀቻት።

“እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኗል? ርቄ በመሄዴ ነው ያኮረፈኝ? እኔ ስደውል ጆሮ ዳባ ልበስ ነው የሚለኝ።”

“ኧረ ሥራ በዝቶበት ነው ልጄ” አለች እናት። ይህን ስትል ዓይኗ ባሏ ላይ ነበር። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት፣ አንድ ንጹሕ መፍቻ ደጋግሞ ይጠርጋል።

የክረምቱ ብርድ በጠናበት ሰሞን አዋላጅዋ ሞተሯን አመጣች። አዋላጅዋ የሰፈሩን ግማሽ ልጅ ተቀብላለች፤ በቀይ ሞተሯ ላይ ቦርሳዋን አስራ ዳገት ቁልቁለቱን ስትል ነው የምትውለው። “ከመንገድ እንዳታስቀረኝ ብቻ ጋሽ ሚኒሞ” አለችው። እሱም ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። ብሎኗን አዞረ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ጥርት ያለች መሰለው። በእርግጥ የሰማው ሞተሯን ይሁን የድሮ ልማዱን አያውቅም። “አሁን ውሰጃት፣ አታስቀይምሽም” አላት።

ሳምንት አልሞላም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አዋላጅዋ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል።

“ጋሽ ሚኒሞ፣ ዛሬ ጠዋት እምቢ አለችኝ። እግሬ እስኪደነዝዝ ረገጥኳት። ኋላ ጥያት በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ሕፃኑ ጎረቤት እጅ ላይ ወርዶ ቆየኝ። ደግነቱ እናትም ልጅም ደህና ናቸው።”

ይህን ሁሉ የተናገረችው አጎንብሳ ጭቃዋን እያራገፈች ነው። ቀና ያለችው መጨረሻው ላይ ነው። ከንፈሯ ላይ ያነበበው “ደህና ናቸው” የሚለውን ብቻ ሆነ።

“ተመስገን” አለ ፊቱ እየፈካ። “እኔስ ብዬሽ አልነበር? ከእንግዲህ በአንድ ርግጫ ነው የምትነሳልሽ።”

አዋላጅዋ ሞተሯን አየች፣ እሱን አየች። ልታስቀይመው ያሰበች ሰው አይደለችም፤ ይህ ግን ከየት መጣ? ከጣውላው ጀርባ የስፌት መኪናው ቆመ። እሜቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ባሏ ፊት ለፊት ቆመች፤ እጅጌውን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችና ቃል በቃል፣ ዝግ ብላ ደገመችለት። ሞተሯ አልነሳ አለች። በእግሯ ሮጠች። ልጁ ቀድሟት ተወለደ።

ሚኒሞ ክው አለ። ተንበረከከ፤ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈትቶ አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ደህና የሠራች ካንዴላ ጫፏ ቡኒ ይሆናል። ይህቺ እንደ አመድ ነጥታለች። አየር በዝቶባታል። ያበዛባትም የገዛ እጁ ነው። ተነስቶ የራሱን አሮጌ ሞተር ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደና ለአዋላጅዋ ሰጣት። “ያንቺ እስክትሠራ በዚህች ተንቀሳቀሺ” አለ፤ ፊቷን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ።

ስትሄድ ካቻቢቴውን አስቀመጠና እጁን ታጠበ። ከዚያ ገና በረፋዱ የብረት መዝጊያውን ዘጋው።

እሜቴ አልሄደችም። አንዲት የዘይት ጣሳ ገልብጣ ፊቱ ተቀመጠች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?”

“ምኑን?”

“አንተ ሰው፣ እኔም ፊት ዓይንህን በጨው አጥበህ ልትዋሽ ነው?”

ትከሻው ወረደ። በመዝጊያው ስንጥቅ የገባው ብርሃን ጉልበቱ ላይ አርፏል፤ እሱን እያየ፣ “ቆየ” አለ። “ሰው ቢሰማ ሞተሩን የሚሰጠኝ ማነው? የደነቆረ ካርቡራቶር ሠሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺም ታዝኛለሽ ብዬ ነው።”

“እኔማ አምና ነው ያወቅኩት።”

ቀና ብሎ አያት።

“ምሳ ሲደርስ ጣውላውን መትቼ አልነበር የምጠራህ? ስመታው፣ ስመታው፣ ወይ ፍንክች። ኋላ መምታቱን ተውኩትና እየዞርኩ መምጣት ጀመርኩ። ፊትህ ቆሜ ካልሆነ የማላናግርህ ለምን ይመስልሃል?”

“እኔማ…” አለና አመነታ፤ “እኔማ እየናፈቅሁሽ የምትመጪ መስሎኝ ነበር።”

እሜቴ ልትስቅ አሰበች፤ አንጀቷን በላውና ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። “ናፍቀኸኝም ነው” አለችው።

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?”

“ራስህ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ። አንተ ደግሞ ለሞተር ካልሆነ በቀር ለማንም ምንም አትነግርም።” ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። “በል ይበቃል፤ መዝጊያውን ክፈተው። የአዋላጅዋን ሞተር እንሠራለን።”

“ማን ነው የሚሠራ?”

“አንተ ታዞራለህ፤ እኔ እሰማለሁ። ይኼን ሁሉ ዘመን ከግድግዳው ወዲያ ማን የተቀመጠ መሰለህ? ከእጅህ የወጣ ሞተር ሁሉ በእኔ ጆሮ ነው ያለፈው።”

ካርቡራቶሩን አጥቦ እስኪገጥመውና ሞተሯ እስክትሞቅ፣ እሜቴ በርጩማ አምጥታ በማርሚታው በኩል ተቀመጠች። እሱ ብሎኗን ነካ አደረገና ቀና ብሎ አያት።

“አሁንስ?”

“ስፌት ትዘላለች።”

“ምን ማለት ነው?”

“መኪናዬ ስፌት ስትዘል አታውቅም? ታክ ታክ ታክ ትልና አንዷን ትተዋታለች።”

“ትንተባተባለች ማለትሽ ነው።”

“እኔ እንጃ ያንተን። እኔ የማውቀው ስፌት ትዘላለች።”

ትንሽ አላላት። እሜቴ አንገቷን ዘንበል አደረገች። “አሁን መዝለሉን ትታለች። ግን ክሩ ጠብቋል።”

“የምን ክር እሜቴ? ሞተር ነው እኮ።”

“ድምፅዋ ቀጥኗል እያልኩህ ነው፣ ሊበጠስ እንደደረሰ ክር። መልሳት።”

ይህን ጊዜ ሚኒሞ እጁ ብሎኗ ላይ እንዳለ ቀረ። የቀጠነ ድምፅ፣ ክሩ የጠበቀ። አየር የበዛበት ሞተር ልክ እንደዚያ ነው። እሱ ለዚህ ነገር ቃል ኖሮት አያውቅም፤ ይሰማውና እጁ ያደርገዋል፣ በቃ። ቃል ያስፈለገው ዛሬ ነው፤ ቃሉን ደግሞ ያገኘው ከስፌት ቤት ነው። በቀኝ እጁ ብሎኗን እየመለሰ፣ ግራ መዳፉን የቤንዚን ታንከሩ ላይ አሳረፈ። የሞተሯ ንዝረት ወደ ክርኑ ወጣ። ሻካራ ነበር፤ ከዚያ እየለሰለሰ፣ እየለሰለሰ መጣ።

እሜቴ እጇን አነሳች። “ቁም። አትንካት።”

ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯን ገጠም አድርጋ፣ ነገሩ እስኪጠራላት ታዳምጣለች። ሚኒሞ ሲሠራ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም ነበር፤ በሚስቱ ፊት ላይ አየው። ያላበውን ግንባሩን በክንዱ የሚጠርግ መስሎ ዓይኑንም ጠረገ።

ሞተሯን ሌሊቱን ሜዳ ላይ፣ ብርዱ ላይ አሳደሯት። በማግስቱ አዋላጅዋ በማለዳ መጣች። ኮርቻው ላይ ጤዛ ተኝቷል። በብርድ የሚሳበውን የማስነሻ ቾክ ሳበችና አንዴ ረገጠቻት። ሞተሯ አጉረመረመች፣ ሳል ነገር ሞከራት፣ ከዚያ ተረጋግታ መተንፈስ ጀመረች። ሚኒሞ ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። እሜቴ ራሷን ከፍ ዝቅ አደረገች።

አዋላጅዋ ግን ቁልፉን መልሳለት ዝም ብላ አልሄደችም። የአንድ ጆሮ ሐኪም አድራሻ ነግራው፣ “ካልሄዱ እኔው እየገፋሁ ነው የምወስድዎት፤ መግፋቱን እንደሆነ ለምጄዋለሁ” አለችው። ሄደ። ሐኪሙ መርምሮ፣ የጆሮው ነርቭ በዘመን ጩኸት እንደተጎዳ፣ የሄደው እንደማይመለስ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ አስረዳው። ንግግር የምታጎላ ባቄላ የምታክል መሣሪያም ጆሮው ውስጥ አደረገለት። መሣሪያዋ ለወሬ ደህና ናት። ሞተር ሲነሳ ግን አንድ ሙሉ መደርደሪያ ድስት የተናደ ያህል ትጮህበታለች። ስለዚህ ሥራ ሲጀምር አውልቆ ደረት ኪሱ ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ለምግብ ሲቀርብ ይሰካታል።

እናቷ ነግራት፣ ልጃቸው በሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጋራዡ ውስጥ ገብታ አባቷ ፊት ቆመች።

“አባዬ፣ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ነበር እኮ።”

“እኔ? አንቺን?” ሚኒሞ ዘይት የነካውን እጁን ወደ ጎንና ጎን ዘርግቶ፣ እንዳያቆሽሻት እየተጠነቀቀ አየት አደረጋት። “ሳቅሽን ነበር የምሰማው። የምትይው ሳይገባኝ ያልሆነ ነገር መልሼ እንዳላስቀይምሽ ብዬ ነው።”

“ዝም ከምትለኝ ያልሆነ ነገር ብትመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።”

“ካንዴላዋ ጠቁራለች እልሽ ነበራ።”

አልገባትም። እናቷ ከጣውላው ጀርባ ሆና የዕቃ አመላላሹን ታሪክ ስትነግራት፣ ልጅቷ እየሳቀች አለቀሰች፤ ዘይቱንም ጭቃውንም ሳትል አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ነጭ ሸሚዟ ላይ የቀረው የእጁ አሻራ ታጥቦ አልለቀቀም። እሜቴ አበባ ሰፍታ ልትሸፍነው ብትል ልጅቷ እንዳትነኪብኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ስትደውል እየተያዩ በሚነጋገሩበት ስልክ ነው፤ ከንፈሯን እያየ ያወራታል፣ ያልገባውን “ድገሚው” ይላታል። ድገሚው ማለት ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ደንበኞች መጀመሪያ ማውራታቸው አልቀረም። “ሚኒሞ ደነቆረ፣ ሚስቱ ናት አሉ የምትሰማለት” ተባለ። አንዳንዱ ለወሬ ሲል ብቻ መጣ። እሜቴ መርፌ ጨርቋ ላይ እንደሰካች ወጥታ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ “ክሩ ላልቷል፣ ጨርቁ ተጨማዷል” ስትል ሰምቶ በልቡ ሳቀ። በማግስቱ ሞተሩ በአንድ ርግጫ ስትነሳለት ሳቁን ተወው። እያደር ቋንቋው ራሱ ወጣ። አሁን በዚያ መንገድ ላይ ሞተሬ ትንተባተባለች የሚል ሰው የለም፤ ሁሉም “ስፌት ትዘላለች” ነው የሚለው። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል።

በቅርቡ እሜቴ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ያ ዕቃ አመላላሽ ሞተሩን እያስጓራ መጣና አንገቱን አስግጎ ወደ ጓሮ ተመለከተ።

“እትዬ የሉም?”

“እህቷ ዘንድ ናት” አለ ሚኒሞ፣ ከንፈሩን አይቶ። “ና፣ እኔ ልይልህ።”

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። “አይ፣ ግድ የለም ጋሽ ሚኒሞ። እሳቸው ሲመለሱ እመጣለሁ” ብሎት ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ይሆናል። ሚኒሞ ግን ቀኑን ሙሉ ለብቻው ፈገግ ሲል ዋለ። የሚነግራት ወሬ በማግኘቱ ደስ ብሎት እሷ እስክትመለስ ቸኮለ። ስትመለስም ገና ከታክሲው ሳትወርድ ነገራት። “ሰዉ አንቺን ነው የሚጠይቀው፤ እኔ ረዳትሽ ሆኜ ቀረሁ።” እሜቴ፣ “ታዲያ ረዳት ዕቃ ተሸክሞ ይገባል እንጂ ቆሞ ያወራል?” ብላ ዘንቢሉን አስታቀፈችው።

ዕቃ አመላላሹ መመለሷን ሰምቶ ከሰዓት በኋላ መጣ። እሜቴ የመንገድ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሚኒሞ ግራ መዳፉን ታንከሩ ላይ አሳርፎ ብሎኗን ማዞር ጀመረ። ሞተሯ አስቸጋሪ አልነበረችም፤ ንዝረቱ ወዲያው ልስልስ አለ። እሜቴ እጇን አነሳች። እሱ ብሎኗን አለፍ አደረጋት። ሞተሯ መልሳ ተንተባተበች።

“ቁም አልኩህ እኮ” አለች፣ ዓይኗን ገልጣ። “አላየኸኝም?”

“አይቼሻለሁ።”

“ታዲያ?”

“ሰነበትሽ እኮ” አላት በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። “ትንሽ ቁጭ በይ ብዬ ነው።”

እሜቴ ደንበኛውን በዓይኗ ጠርዝ አየችው። ሰውዬው መንገዱን የሚያይ መሰለ። መልሳ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷንም ዘንበል አደረገች። ሚኒሞ ብሎኗን ከመጀመሪያው ጀመራት፣ ቀስ ብሎ።